ማደሪያቸው ገደል፣ መዋያቸው በረሃ

እ.ኤ.አ. በ1925 የለንደን መካነ እንስሳት ሪጀንትስ ፓርክ ውስጥ «የጦጣ ኮረብታ» የተባለ ሰው ሠራሽ አለት አሠርቶ 100 ገደማ ሐማድርያስ ዝንጀሮዎች ለቀቀበት። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ቦታው 30 ሜትር በ18 ሜትር ያህል ነው። የታሰበው ወንዶች ብቻ እንዲሆኑ ነበር፤ ነገር ግን 6 ሴቶች ተቀላቅለው ገቡ። ወንዶቹ በሴቶቹ ላይ ተናጠቁ፣ ደም ፈሰሰ። በ1927 ነገሩን ያበርደዋል ተብሎ 30 ሴቶች ቢጨመሩ ጭራሽ ባሰበት። ሴቶቹ ከአንዱ ወንድ ወደ ሌላው ሲጎተቱ አብዛኞቹ አለቁ፤ ሬሳቸውን እንኳ የሚለቅ አልተገኘም።

ሶሊ ዙከርማን የተባሉ ወጣት የሥነ አካል ሊቅ ይህን ተከታትለው መዘገቡ። በ1932 ባሳተሙት መጽሐፍም የዝንጀሮን ማኅበር አስተሳስሮ የያዘው ፍትወት ነው፣ ሥርዓቱም የሚጸናው በጉልበት ነው የሚል ድምዳሜ ሰጡ። መጽሐፉ ለብዙ ዓመታት የመስኩ ዋና ማጣቀሻ ሆኖ ቆየ። ዙከርማን ያዩትን በታማኝነት ጽፈዋል። ነገር ግን ያዩዋቸው እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ፣ ወንዱ በዝቶ ሴቱ ያነሰባቸው፣ ጠብ ሲነሳ ዞር የሚሉበት አንድ ጥግ የሌላቸው ፍጥረታት ነበሩ። እነዚህ እንስሳት በአገራቸው ቢሆኑ ጧት ተነስተው ወዴት ይሄዱ ነበር? ይህን የጠየቀ ሰው እስኪመጣ 30 ዓመት ያህል አለፈ።

ሐማድርያስ የእኛው ቀጣና እንስሳ ነው። በኢትዮጵያ፣ በኤርትራ፣ በጅቡቲ፣ በሶማሊያና በሱዳን ቆላዎች፣ ከቀይ ባሕር ማዶም በየመንና በሳዑዲ ዓረቢያ ተራሮች ይኖራል። ወንዱ ትከሻውን እንደ ካባ የሚሸፍን ብርማ ጋማ አለው፤ ሴቷ ቡናማ ናት፣ ክብደቷም የወንዱን ግማሽ ያህል ነው። የጥንት ግብፃውያን ቅዱስ አድርገው በድንጋይ ቀርጸውታል፣ ሬሳውንም አድርቀው ቀብረዋል። በረሃው ውስጥ እንዴት እንደሚኖር ግን በሥርዓት የተጠና ነገር አልነበረም።

በ1950ዎቹ አጋማሽ ሃንስ ኩመር የተባሉ ስዊዘርላንዳዊ ወጣት ተመራማሪ በዙሪክ መካነ እንስሳት ይኸንኑ ዝንጀሮ ሲያጠኑ ቆዩ። የእያንዳንዱን ምልክት፣ ጩኸትና ዓይን አወራወር ለዩ። ምልክቱ ለምን እንደሚያገለግል ግን አጥር ውስጥ ሆኖ ማወቅ አልተቻለም። ስለዚህ በ1960 ከባልደረባቸው ከፍሬድ ኩርት ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ፣ በባቡሩ መስመር ላይ ባለችው በኤረር ጎታ አካባቢም ሰፈሩ። አገሩ ከፊል በረሃ ነው፤ እሾሃማ ግራር፣ ቃጫ፣ ዝናብ ሲዘንብ ብቻ የሚፈስ ወንዝ፣ በየመሃሉም ቀጥ ያለ ገደል ያለበት። ሁለቱ ሰዎች አንድ ዓመት ያህል ጎህ ሳይቀድ ገደሉ ሥር እየደረሱ፣ ዝንጀሮዎቹ በሄዱበት በእግር እየተከተሉ ዋሉ።

መጀመሪያ ያስደነቃቸው የማደሪያው ነገር ነው። ነብርና ጅብ የማይደርሱበት ገደል በዚያ አገር ብዙ የለም፤ ስለዚህ በአንድ ገደል ላይ እስከ 750 የሚደርሱ ዝንጀሮዎች አብረው ሲያድሩ ተቆጠሩ። በለንደን 100 ገደማ የሚሆኑት ሲተላለቁ እዚህ ሰባት ዕጥፍ የሚሆኑት በአንድ አለት ግንባር ላይ ተደርድረው ያድራሉ። ጠብ የለም ማለት አይደለም። ወንዶች ይጋጫሉ፣ ሴት ወደ ኋላ ስትቀር ባሏ ማጅራቷን ነክሶ ይመልሳታል። ነገር ግን ጠቡ ከነጋ በኋላ የሚበተንበት አገር አለው።

ስለ ጧቱ ስብሰባ ኩመር የጻፉት ከሁሉም ይበልጣል። ፀሐይ ገደሉን ስትነካ ዝንጀሮዎቹ ከግንባሩ ወደ አናቱ ይወጡና በተዳፋቱ ላይ ይቀመጣሉ። ሴቶች የባላቸውን ጋማ ይፈትሻሉ፣ ልጆች ይራገጣሉ። ለረጅም ጊዜ ማንም የሚንቀሳቀስ አይመስልም። ከዚያ ከዳር ያለ አንድ ወንድ ይነሳል፤ ጥቂት ሜትር ሄዶ ፊቱን ወደ ሄደበት አቅጣጫ አዙሮ ይቀመጣል። ሚስቶቹ ተከትለው ከኋላው ይቀመጣሉ። በሌላው ዳር ሌላ ወንድ እንዲሁ ያደርጋል፣ ወደ ሌላ አቅጣጫ። መንጋው በዚህ በኩል ይሾልና ተከታይ ሲያጣ ይሰበሰባል፤ በዚያ በኩል ይሾላል፣ እንደገና ይሰበሰባል። በመሃሉ አንዱ ወንድ ፈጠን ብሎ ወደ ሌላው ይሄድና ፊት ለፊት ዓይቶት፣ ዞር ብሎ መቀመጫውን አሳይቶት ወደ ቦታው ይመለሳል። አጥር ውስጥ ትርጉሙ ያልገባቸው ምልክት እዚህ ሥራ ላይ ነበር፤ ወንዶቹ ሐሳባቸውን ያስታውቁበታል። በመጨረሻ ከመሃል አንድ ሽማግሌ ወንድ ይነሳል። እሱ ሲነሳ ግን አኳኋኑ ይለያል፤ ሰፋ ባለ እርምጃ፣ ወገቡን እያወዛወዘ፣ ወደ ኋላው ሳያይ ይሄዳል። ያኔ መንጋው በሙሉ ተነስቶ ይነጉዳል።

ኩመር ይህን ሥርዓት በትንሹም አገኙት። አንዳንድ ጊዜ ሁለት ወንዶች፣ አንድ ወጣትና አንድ ሽማግሌ፣ ሚስቶቻቸውን ይዘው ተጣምረው ይጓዛሉ። ከእነዚህ ጥንዶች በአንዱ ወጣቱን ሲርኩም፣ ሽማግሌውን ፓተር አሏቸው። ሲርኩም ከፊት ሆኖ በዚህ እንሂድ ይላል፣ ፓተር ከኋላ ተቀምጦ ያያል። ፓተር ካልተነሳ ሲርኩም አቅጣጫ ይቀይራል፤ ፓተር ከተነሳ ጉዞው ተወሰነ። ሐሳብ የሚያመጣው አንዱ፣ የሚያጸድቀው ሌላው ነው።

ከገደሉ ከወረዱ በኋላ የሚሆነውን ለመረዳት መሬቱን ማየት ይበቃል። አንድ ግራር አበባውና ፍሬው የሚያጠግበው ጥቂት አፎችን ነው። ስለዚህ መቶዎቹ ወደ ጭፍራ፣ ጭፍራው ወደ ቤተሰብ ይከፈላል፤ አንድ ወንድ ከሚስቶቹና ከልጆቹ ጋር በአንድ ዛፍ ላይ ይሰፍራል። ውሃው ብርቅ ነውና ቀትር ላይ እንደገና ይሰባሰባሉ። ገደሉም ብርቅ ነውና ሲመሽ ይበልጥ ይሰባሰባሉ። ዙከርማን በፍትወትና በጉልበት ያብራሩትን ማኅበር ኩመር በ1968 ባሳተሙት ጥናት ከምግብ፣ ከውሃና ከገደል አቀማመጥ ጋር አያይዘው ተነተኑት። በኤረር የመንጋው የቀን ጉዞ በአማካይ 13.2 ኪሎ ሜትር ሆኖ ተለካ። ጀርባዋ ላይ ልጅ ለተሸከመች እናት በዚያ ሙቀት ይህ ረጅም መንገድ ነው።

በ1967 እና በ1968 ኩመር ተመልሰው መጡ፤ ቫልተር ጌትስና ቫልተር አንግስት አብረዋቸው ነበሩ። የአዋሽ ወንዝ አካባቢ ሁለት ዓይነት ዝንጀሮዎች የሚገናኙበት ድንበር ነው። ከፏፏቴው በላይ አኑቢስ የሚባለው ደገኛው ዓይነት፣ ከታች በኩል ደግሞ ሐማድርያስ ይኖራል፤ በመሃል የተዳቀሉት አሉ። የአኑቢስ ሴት ባል አትከተልም፣ የምትጓዘው ከመላው መንጋ ጋር ነው። ተመራማሪዎቹ አኑቢስ ሴቶችን ይዘው በሐማድርያስ መንጋ መካከል ለቀቁ። ወንዶቹ ወዲያው ወሰዷቸው፤ ሴቶቹም በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ሲያስፈራሯቸው ከመሸሽ ይልቅ ወደ ወንዱ መቅረብን ተማሩ። ብዙዎቹ ግን ኋላ አመለጡ። የሐማድርያስ ሴቶች ወደ አኑቢስ መንጋ ሲገቡ ደግሞ ማንንም ወንድ መከተል ተዉ። ኡሊ ናገል የተባሉ ሌላ ስዊዘርላንዳዊም በዚያው ድንበር ላይ ሁለቱን ዓይነቶችና ድቅሎቹን አነጻጽረው በ1973 አሳተሙ። ከማን ኋላ መሄድ እንዳለባት ሴቷ በኑሮ የምትማረው ሆነ፤ ወንዱ ሴቶቹን የመሰብሰብ ዝንባሌው ግን አብሮት የተወለደ ይመስላል።

ከዚያ የጥናቱ ወርቃማ ዘመን መጣ። ከ1971 እስከ 1977 የኩመር ተማሪዎች በኤረር «ሾጣጣው ቋጥኝ» ባሉት ማደሪያ ዙሪያ በተከታታይ ሠሩ። ዣን-ዣክ አበግለን ዝንጀሮዎቹን አንድ በአንድ ለይተው ዓመት ከዓመት ሲከታተሉ፣ ቀድሞ ያልታየ ነገር ወጣ፤ በቤተሰቡና በጭፍራው መካከል ሌላ እርከን አለ። ጎሳ አሉት። የአንድ ጎሳ ወንዶች በመልክ ይመሳሰላሉ፤ ሲያድጉም በተወለዱበት ይቀራሉ። ከቦታ ቦታ የሚወሰዱት ሴቶቹ ናቸው። ከአብዛኞቹ ዝንጀሮዎች ጋር ሲነጻጸር ይህ የተገላቢጦሽ ነው፤ በሌሎቹ ዘንድ ልማዱ ወንዱ ወጥቶ ሴቷ በእናቷ ዘመዶች መካከል መቅረቷ ነው።

ሃንስ ሲግና አሌክሳንደር ሽቶልባ ደግሞ መንገዱን ለኩ። በ1981 ባሳተሙት ጽሑፍ የመንጋውን መዋያ ክልል 28 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ የቀን ጉዞውን በአማካይ 8.6 ኪሎ ሜትር አደረጉት። ኩመር ካገኙት ያነሰ ነው፤ ርቀቱ እንደ ቦታውና እንደ ወቅቱ ይለያያል።

ለእኔ የዚህ ታሪክ ትልቁ ግኝት ሽቶልባ በጧቱ ስብሰባ ላይ ያገኙት ነው። መንጋው ጧት ተማክሮ የሚወጣበት አቅጣጫ፣ ከሰዓታት በኋላ ቀትር ላይ ውሃ የሚጠጣበትን ጉድጓድ ያመለክታል። በመካከሉ ጭፍሮቹና ቤተሰቦቹ ተበታትነው፣ አንዱ ከሌላው ዓይን ተሰውሮ፣ በየፊናው ሲለቅም ያረፍዳል። ቀትር ሲሆን ግን በዚያው ውሃ ይገናኛሉ። ለየብቻ የሚሄዱ ነጋዴዎች ጧት «እገሌ ወንዝ ላይ እንገናኝ» ተባብለው እንደሚለያዩ ማለት ነው። ቋንቋ የላቸውም፤ ያላቸው የመቀመጫ አቅጣጫ፣ የመነሳትና የመቀመጥ ሥርዓት፣ ያንን ውሃም በየራሳቸው አእምሮ ማወቅ ብቻ ነው። አንድ እንስሳ ከፊቱ ስለሌለ፣ በዓይኑ ስለማያየው ቦታ ከሌሎች ጋር ተስማምቶ ሲወጣ የሚያሳይ መረጃ በዱር ውስጥ እንዲህ በግልጽ የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው።

ውሃው ዘንድ የሚያደርጉትም ይታይ። ወንዙ ደርቆ አረንጓዴ አልጌ ያለበት ኩሬ ብቻ ሲቀር፣ ከኩሬው ፈንጠር ብለው አሸዋውን በእጃቸው ይቆፍራሉ። ክንዳቸው እስኪገባ ድረስ ቆፍረው፣ በአሸዋው የተጣራው ውሃ እስኪጠራቀም ይጠብቁና ጎንበስ ብለው ይጠጣሉ። የቆላ እረኛም ውሃ የሚያወጣው በዚሁ መንገድ ነው።

ከጧቱ ስብሰባ ጋር የሚያያዝ ሌላ አስደናቂ ነገር አለ። ሐማድርያስ ወንድ ሲያረጅ ወጣቶች ሚስቶቹን አንድ በአንድ ይወስዱበታል፤ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይከሳል፣ ጋማው ይጠወልጋል። ያለ ሚስት ይቀራል። በለንደኑ ሒሳብ ቢሆን እንዲህ ያለ ወንድ ከእንግዲህ ዋጋ የለውም። በኤረር ግን ጧት መንጋው ወዴት ይሂድ ሲባል የእሱ መነሳት አሁንም ይታያል። ተወልዶ ያደገው በዚያው ክልል ነው፤ የትኛው ጉድጓድ በየትኛው ድርቅ እንደማይነጥፍ ከእሱ ይበልጥ ያየ የለም። ይህን የመጨረሻውን የምለው እኔ ነኝ፤ ሽማግሌው ተሰሚነቱን ጠብቆ መቆየቱ ግን የተመዘገበ ነው።

በ1977 የሶማሊያ ጦር ወደ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ዘልቆ ገባ፤ ድሬዳዋ ራሷ የጦር ሜዳ ሆነች። የኤረሩ ጥናትም በዚያው ዓመት አበቃ። በስም የሚታወቁት ዝንጀሮዎች፣ ልጆቻቸውና ጎሶቻቸው ሳይጻፍላቸው ቀሩ። ኩመር በኋላ ከሳዑዲ ባለሙያዎች ጋር ከቀይ ባሕር ማዶ ያሉትን አጥንተው በ1985 ከኢትዮጵያዎቹ ጋር አነጻጸሩ። በ1992 ደግሞ የኤረርን ታሪክ ለሰፊው አንባቢ በጀርመንኛ ጻፉ። በ2013 ዐረፉ።

በአገራችን የሐማድርያስ የረጅም ጊዜ ክትትል እንደገና የተጀመረው በ1996 ነው፤ ቦታው ግን ኤረር አልነበረም። አሜሪካዊቷ ላሪሳ ስዊዴል በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሰሜናዊ ክፍል፣ ፊልውሃ በሚባለው ሥፍራ መሥራት ጀመሩ። ፊልውሃ ለበረሃ እንግዳ የሆነ ቦታ ነው። ከመሬት የሚወጣ ፍል ውሃ አለ፤ በዙሪያውም የዘንባባ ጫካ በቅሏል። አፋሮች ቅጠሉን ለሰሌንና ለቤት መሥሪያ ይጠቀሙበታል፣ ዝንጀሮዎቹ ደግሞ ፍሬውን ይበሉታል። ስዊዴል በ2002 ባወጡት ጥናት የአንዱ ጭፍራ መዋያ ክልል 30 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ የቀን ጉዞው በአማካይ 7.5 ኪሎ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ኩመር በኤረር ከለኩት በግማሽ ሊያንስ ጥቂት ነው የቀረው። ዘንባባው የተረጋገጠ ቀለብ ነው፤ ቀለቡ የታወቀ መንጋ ብዙ አይደክምም። ከግራር ግራር መበታተኑም እንደ ምግቡ ይጨምራል፣ ይቀንሳል።

በእግር መከተልና በዓይን መቁጠር ግን ወሰን አለው፤ አንድ ተመራማሪ በአንድ ጊዜ የሚያየው ጥቂት እንስሳ ነው። በ2012 በኬንያ፣ ላይኪፒያ ውስጥ ባለው የምፓላ የምርምር ማዕከል፣ 25 የአኑቢስ ዝንጀሮዎች አንገት ላይ ያሉበትን ቦታ በየሴኮንዱ የሚመዘግብ ማሰሪያ ተደረገ። አሪያና ስትራንድበርግ-ፔሽኪንና ባልደረቦቻቸው ውጤቱን በ2015 አወጡ። መንጋው አለቃውን ብቻ ተከትሎ የሚነዳ አልሆነም። አንድ ዝንጀሮ ወጣ ሲል ሌሎች ይከተሉታል ወይም ይተዉታል፤ ወደ አንድ ወገን የሚወጡት ሲበዙና ሲስማሙ ተከታዩ ይጨምራል። ሁለት ወገኖች የመረጡት አቅጣጫ ከተቀራረበ የተቀረው በመካከል ይሄዳል፣ ከተራራቀ ግን አንዱን ይመርጣል። ዓይነቱ ሌላ ነው፤ የአኑቢስ ማኅበር የሐማድርያስ ዓይነት እርከንም የለውም። ሆኖም ኩመር በኤረር ገደል አናት ላይ በዓይናቸው ብቻ ያዩት መሾልና መሰብሰብ፣ ወጥቶ ተከታይን መጠበቅ፣ በሌላ ዓይነት ዝንጀሮ ዘንድ በቁጥር ታየ።

ዛሬ ሁለት ሥዕሎች ጎን ለጎን አሉ። በሳዑዲ ዓረቢያ፣ ጣኢፍ አካባቢ፣ በተለይ በአል-ሀዳ ተራራ መንገድ የተጓዙ ወገኖቻችን ያውቁታል፤ ሐማድርያሶች በመንጋ አውራ ጎዳናው ዳር ተቀምጠው ከመኪና የሚወረወር ዳቦና ሙዝ ይጠብቃሉ። ቀለባቸው ከቆሻሻ ገንዳና ከመኪና መስኮት የሚመጣ ዝንጀሮዎች ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም፤ ቁጥራቸው ይበዛል፣ ከሰው ጋር ያላቸው ግጭትም አብሮ ይከፋል።

በእኛ በኩል ያለው ሌላ ነው። የአዋሽ ሸለቆ ከኩመር ዘመን ወዲህ ተለውጧል። የበሰቃ ሐይቅ ሰፍቶ መሬት ውጧል፣ የከሰም የስኳር ልማት ከፓርኩ በስተ ሰሜን ተዘርግቷል፣ ፕሮሶፒስ የተባለው መጤ እሾህ የአፋርን የግጦሽ መሬት ወርሷል። በድሬዳዋ መስመርም አዲሱ የባቡር ሐዲድ ተዘርግቷል፣ ከተሞቹም እያደጉ ነው። ይህ ሁሉ ለሰው የሚያስፈልግ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በገደሉና በውሃው መካከል ማሳ ሲገባ ዝንጀሮው ማሳው ላይ ይውላል፤ ልጆችም ከትምህርት ቤት ቀርተው እህል ሲጠብቁ ይውላሉ። ጉዳቱ የሚያርፈው በገበሬው ላይ ነው፣ ጥላቻውም በእንስሳው ላይ።

ኩመርና ተማሪዎቻቸው የተዉልን መረጃ ለዚህ ይጠቅማል። 30 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ላይ መንጋውን የሚያቆሙት ጥቂት ገደሎችና ውሃዎች ናቸው፤ እነርሱን የአካባቢው እረኞችና የፓርኩ ጠባቂዎች ያለ ካርታ ያውቋቸዋል። በአዋሽና በኤረር ቆላ የውሃ ጉድጓድ፣ እርሻ፣ መንገድ ወይም ሰፈር የምታቅዱ ባለሙያዎች ሆይ፣ መስመሩን ከማስመራችሁ በፊት እነዚያን ሰዎች ጠይቁ፤ ማደሪያ ገደሎቹንና የቀትር ውሃዎቹን በካርታችሁ ላይ አስፍሩ፣ በሁለቱ መካከል ያለውንም መተላለፊያ ክፍት ተዉት።